የባሩድ መስፈሪያ ምርጫ፦ ስፍሩን ማመን ይቻላል ወይስ እያንዳንዱን መመዘን ይገባል?

የአራት ኪሎ ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ኑሮዬ በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ሲሆን በአሁኑ ሰዓት እናቴን ልጠይቅ መጥቼ አራት ኪሎ ነው ያለሁት። እዚያ ሕጉ ስለሚፈቅድ የዒላማ ተኩስ ክበብ አባል ነኝ፤ የፋብሪካ ጥይት እየተወደደ ስለመጣም የተተኮሰውን ቀለሃ አጽድቼ፣ አዲስ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ገጥሜ፣ ባሩድና አረር ሞልቼ ራሴ ማዘጋጀት ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እስከ አሁን ባሩዱን የምሰፍረው በፕላስቲክ ማንኪያ ነው። ስመለስ ደህና መስፈሪያ ለመግዛት አስቤአለሁ፤ ነገር ግን እጀታ ባለው መስፈሪያ፣ ራሱ መዝኖ በሚያወርደው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እና ማንኪያውን ይዞ በመቀጠል መካከል ልቤ ተከፍሏል።

የማዘጋጀው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ሲሆን 5 ግሬይን ገደማ የገለባ ቅርጽ ያለው ባሩድ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከ40 ግሬይን በላይ በትር መሰል ባሩድ የሚወስድ የጠመንጃ ጥይት ነው። ለማያውቁት ለመግለጽ፣ 1 ግሬይን 0.0648 ግራም፣ አንድ ግራም ደግሞ 15.43 ግሬይን ነው። ይዤው ለመመለስ ትናንት ፒያሳ አካባቢ እስከ 0.01 ግራም የምታነብ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ገዝቻለሁ። ትበቃኛለች ወይ?

ጡረተኛው መሐንዲስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ልጄ፣ እኔ ካዛንቺስ ተመልሼ ከመግባቴ በፊት ኔቫዳ ውስጥ 22 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከእነዚያ ውስጥ 15ቱን ዓመት ጋራዤ ውስጥ ይህንኑ ስሠራ ነው ያሳለፍሁት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርግልኝ።

ከሁሉ በፊት መስፈሪያ ክብደት የማያውቅ ዕቃ መሆኑን ልብ በል። ገበያ ላይ በጣሳ ጤፍ የሚሰፍር ሰው የሚያውቀው ጣሳው መሙላቱን ነው እንጂ ኪሎውን አይደለም፤ የባሩድ መስፈሪያም ከዚያ የተለየ አይደለም። ከላይ ባሩዱ የሚቀመጥበት ቱቦ አለው፤ እኔ ጎተራ እለዋለሁ። ከሥሩ በእጀታ የሚዞር ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩ ላይ ደግሞ በብሎን የሚሰፋና የሚጠብ ጉድጓድ አለ። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሣ ጉድጓዱ ከጎተራው ይሞላል፣ ወደ ታች ስታወርድ ቀለሃው ውስጥ ይገለበጣል። በብሎኑ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች የጉድጓዱን ስፋት ነው የሚነግሩህ። አንዳንድ ሰው ባለፈው ወር የተጠቀመበትን ቁጥር ማስታወሻ ላይ ጽፎ ያንኑ እየመለሰ ሳይመዝን ይሞላል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ያው ስም ያለው ባሩድ እንኳ ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ሲሄድ ጥግግቱ በጥቂቱ ይለያል።

ምርጫህን መወሰን ያለበት የመስፈሪያው ስም ሳይሆን የባሩድህ ቅርጽ ነው። ድቡልቡል ባሩድ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ የትኛውም ጤነኛ መስፈሪያ 0.1 ግሬይን ባለ ልዩነት ውስጥ ይሰፍረዋል። የገለባው ቅርጽ እንደ አያያዝህ ነው። በትር መሰሉ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ጋደም ብሎ ይቀርና ሲሊንደሩ ሲዞር በጠርዙ ይቆረጣል፤ ቅርጥፍ ሲል በእጅህ ይሰማሃል። ያን ጊዜ እጅ መደናቀፉ አይቀርም፤ የተደናቀፈ እጅ ደግሞ ጎተራውን ነቅንቆ ቀጣዩን ስፍር ያበዛዋል። በትር መሰሉን ከወደድኸው አጫጭር ሆኖ የተቆረጠውን ዓይነት ፈልግ፤ አለበለዚያ መስፈሪያውን ጥቂት አሳንሰህ አውርድና የቀረውን ሚዛኑ ሳህን ላይ በማንጠባጠቢያ ፍሬ በፍሬ ጨምር። እኔ የጠመንጃዬን ሁሉ እንዲያ ነበር የምሠራው።

አሁን ስለ እጅህ። ጎተራውን ሁለት ሦስተኛ ድረስ ሙላውና ከአንድ ሦስተኛ በታች እንዲወርድ አትፍቀድ፤ ከላይ ያለው ክብደት ሲቀንስ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ይላላልና። ይህንኑ ለመከላከል ጎተራው ውስጥ የሚገባ ግርዶሽ የሚባል የቆርቆሮ ክፋይ አለ፤ አብሮት ካልመጣ ለብቻው ግዛ። ከሞላኸው በኋላ የመጀመሪያዎቹን 10 ወይም 15 ስፍሮች ወደ ጎተራው መልሳቸው፤ ባሩዱ እስኪረጋጋ ድረስ የሚሰጥህ ቁጥር የውሸት ነው። ከዚያ በኋላ እጀታውን በአንድ ዓይነት ፍጥነት አንሣ፣ ላይ ሲደርስ አንዴ ኳ አድርገው፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት አውርድ፣ ታች ሲደርስ ደግመህ ኳ አድርገው። በመሐል ስልክ ካነሣህ፣ ተመልሰህ ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስፍሮች ጎተራው ውስጥ መልስ። በየ10ሩ ስፍር አንዱን መዝን፤ መጠኑን ደግሞ ሁልጊዜ ከባሩዱ አምራች መመሪያ ብቻ ውሰድ፣ ከዝቅተኛውም ጀምር።

ስለ 9 ሚሊሜትር አንድ ልጨምር። ተዘናግተህ ሁለቴ ብታወርድበት ሁልጊዜ ይፈስስና ያስጠነቅቀኛል ብለህ አትመን፤ እንደ ባሩዱ ጥግግት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ባዶዎቹን አፋቸውን ወደ ታች ደፍተህ አስቀምጥ፤ የተሞሉትን ባለ 50 ቀዳዳው ማስቀመጫ ላይ ደርድርና አረር ከመግጠምህ በፊት በባትሪ እያበራህ ሁሉንም አንድ በአንድ ተመልከት። ባዶ የቀረውም ከዚያ ያላነሰ አደገኛ ነው፤ ካፕሱሉ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ መሐል ይሰነቅረዋል፣ የሚቀጥለው ጥይት ደግሞ አፈሙዙን ይሰነጥቀዋል።

የቸርችሉ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10

ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎ። ኤሌክትሮኒኩ መሣሪያ ቁጥሩን ጽፈውለት ራሱ እየመዘነ የሚያወርድ ከሆነ ይህ ሁሉ ኳ ኳ ለምን ያስፈልጋል? ወንድሜ ዳላስ ነው ያለው፤ ቡናውን እየጠጣ ነው የሚሠራው።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ቡናውን እየጠጣ መሥራቱ ነው የሚያሳስበኝ። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ በተለይ ለበትር መሰል ባሩድ ከሁሉም ይሻላል፣ መስፈሪያው የሚያደናቅፈውን እሱ በትንሽ ቱቦ እያሽከረከረ ያንጠባጥበዋልና። ነገር ግን ከሚዛኑ የተሻለ ሊሆን አይችልም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሞቅ ከተጀመረ፣ የአየር ማራገቢያ ከነፈሰበት፣ ወይም ሞባይል ስልክ አጠገቡ ከተቀመጠ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ሰውየው ደግሞ ቁጥሩን አምኖ ይቀጥላል። ለሽጉጥ ጥይትም አዝጋሚ ነው፤ በእጀታው 50 በምትሞላበት ጊዜ በእሱ ከ10 ብዙ አትዘልም። በአጭር ርቀት፣ 100 እና 200 ያርድ ላይ ጥይቶቻቸው ዒላማው ላይ ተጠጋግተው እንዲያርፉ የሚወዳደሩት ሰዎች ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው በእጀታ መስፈሪያ ነው የሚሞሉት፤ እያንዳንዱን አይመዝኑም። በረጅም ርቀት የሚወዳደሩት ግን ይመዝናሉ፤ የፍጥነት ልዩነት 1,000 ያርድ ሲደርስ ወደ ላይና ወደ ታች ተዘርግቶ ይታያልና።

ወርቅ ሠሪው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30

ስለ ባሩድ የማውቀው ነገር የለም፤ ስለ ሚዛን ግን ከዶሮ ማነቂያ እስከ አሁኑ ሱቃችን ድረስ ከአባቴ ጋር 30 ዓመት ስመዝን ኖሬአለሁ። ወንድሜ የገዙትን ሚዛን ለዚህ ሥራ አልመክርዎትም። እስከ 0.01 ግራም ታነባለች ማለት፣ እርስዎ በነገሩን ስሌት፣ 0.154 ግሬይን ነው። በ40 ግሬይኑ ላይ ይህ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በ5 ግሬይኑ ላይ ግን ከመቶ 3 ነው፤ ርካሹ ሚዛን ደግሞ በአንድ አኃዝ ብቻ ተሳስቶ አያቆምም። ለእኛ ለአንድ ወቄት፣ 28 ግራም ለሚሆን ወርቅ፣ ይህ ስሕተት ምንም ማለት አይደለም። ለእርስዎ 0.001 ግራም የምታነበዋ ትሻላለች።

ሁለተኛው ነገር የመለኪያው ቁልፍ ነው። እነዚህ ሚዛኖች በአንዲት ቁልፍ ከግራም ወደ ካራት፣ ከካራት ወደ ግሬይን፣ ወደ አውንስ ይዞራሉ። አንድ ካራት 0.2 ግራም፣ ማለትም ከ3 ግሬይን በላይ ነው። እጅ ሳያስቡት ቁልፏን ነክቶ ማያው ላይ 5 ቢታይ፣ 5 ምን እንደሆነ የምትናገረው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ፊደል ብቻ ናት። እኛ ሱቅ ውስጥ በዚች ፊደል የተነሣ የተጣላ ደንበኛ አይቻለሁ። ስለዚህ ክብደቱ የታወቀ መሞከሪያ ሁልጊዜ አጠገብዎ ይኑር፤ ሥራ ሲጀምሩም ሲጨርሱም ያስቀምጡበት።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ወርቅ ሠሪው ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ዲጂታል ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የመሬት ስበት እዚህ ከኮሎራዶዋ ዴንቨር ይልቅ በጥቂቱ ይላላል፤ ልዩነቱ ከ1,000 እጅ 2 ገደማ ነው። እዚህ ያስተካከልኸውን ሚዛን እዚያ ወስደህ ሳታስተካክል ብትመዝንበት 42 ግሬይኑን ወደ 0.1 ግሬይን አብዝቶ ያነብልሃል። ክንድ ያለው የድሮው ሚዛን ግን ክብደትን ከክብደት ጋር ስለሚያነጻጽር የትም ብትወስደው አይለወጥም። እኔ ዲጂታሉን ለፍጥነት፣ የክንዱን ደግሞ ለዳኝነት ሁለቱንም እይዝ ነበር።

ደግሞም 10 ስፍሮችን አንድ ላይ መዝኖ ለ10 ማካፈል ጥሩ ዘዴ ነው፤ ያንተም ሚዛን ለዚህ ትበቃለች። ነገር ግን አማካዩ ትክክል ሆኖ ሳለ አንዱ 4.6፣ ሌላው 5.4 ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹንም ነጥለህ መመዘን አለብህ።

ሕግ አንባቢው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ውይይቱን ሳላቋርጥ ለአዲስ አበባ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ ላስገባ። በአገራችን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው፤ እዚህ የሚነገረው ሁሉ በሚፈቀድበት አገር ለሚሠራ ሰው ነው። ባሩድ በአውሮፕላንም በእጅም ሆነ በሻንጣ አይጫንም። የተሠራበትን መስፈሪያ በሻንጣ ማመላለስም ብልኅነት አይደለም፤ ፍተሻው የባሩዱን ትቢያ ሊያገኘው ይችላል።

የአርበኛ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ45

የልጅነት ወሬ አስታወሳችሁኝ። አባቴ ስለ ውጅግራ ሲያወራ፣ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር በነበረበት ዘመን የተተኮሰ ቀለሃ አይጣልም፣ ተመልሶ ይሞላ ነበር ይለን ነበር። ሚዛን ከየት መጥቶ? በዓይን ልክ ነበር የሚሰፍሩት። ታዲያ እነሱ በዓይን ልክ ከሠሩ ይህ ሁሉ ጭንቀት ከየት መጣ?

ጡረተኛው መሐንዲስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20

ጥያቄዎ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። ጥቁር ባሩድ በስፍር ነው የሚለካው፤ ኃይሉ ዝቅተኛ ስለሆነና ቀለሃውም እስከ አፉ እንዲሞላ ተደርጎ ስለተሠራ ትርፍ የሚገባበት ቦታ የለም። በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ በዚያው ክብደት ኃይሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ቀለሃው ውስጥም ባዶ ቦታ ይተርፋል። የአባትዎ ዘመን ሰዎች በዓይን ልክ ያደረጉትን ዛሬ በጭስ አልባው የሚያደርግ ሰው ጠመንጃውንም ፊቱንም ያጣል።

ፋርማሲስቷ ከጥቁር አንበሳ ሠፈር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ውይይቱን በሌላ ዓይን አነበብሁት፤ እኛም የምንታገለው ከዚሁ ችግር ጋር ነውና። የመድኃኒት ዱቄት ሲፈስስ ያለው ጥግግትና ዕቃው ተንኳኩቶ ከረጋ በኋላ ያለው ጥግግት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱ በተራራቁ ቁጥር ዱቄቱ በስፍር ሲሞላ አመለኛ ይሆናል፤ በተቀራረቡ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ ይፈስሳል። ፋብሪካዎች ዱቄቱን መጀመሪያ ወደ ድቡልቡል ፍሬ የሚለውጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጋሼ መሐንዲሱ የመጀመሪያዎቹ 10 ስፍሮች ይመለሱ ያሉት በእኛ አነጋገር ዱቄቱን ከመጀመሪያው ጥግግት ወደ ሁለተኛው ማድረስ ነው።

ጠያቂውን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የፕላስቲክ ዕቃዎ ላይ ባሩዱ ይጣበቃል? ኮሎራዶ ደረቅ አገር ስለሆነ በማንኪያውም በጎተራውም ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚፈጠር እገምታለሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

በትክክል ይጣበቃል፤ በተለይ በክረምት። የገለባው ዓይነት የጎተራ ግድግዳ ላይ እንደ ጉንዳን ይሰለፋል። ጋሼ፣ ምን ያደርጉ ነበር? ደግሞስ ማታ ሥራ ሳልጨርስ ብተኛ ባሩዱን ጎተራው ውስጥ ትቼው ባድር ምን ችግር አለው?

ጡረተኛው መሐንዲስ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ15

ለመጣበቁ፣ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በሚጨመረው ጨርቅ ጎተራውን በውስጥም በውጭም እጠርገው ነበር፤ የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ባሩድ ካለፈበት በኋላ ደግሞ የባሩዱ የግራፋይት ልባስ ራሱ ያለሰልሰዋል። መውረጃ ቱቦውም ላይ እንዳይጣበቅ ተጠንቀቅ፤ ለአንዱ ቀለሃ የጎደለው ለሚቀጥለው ይጨመርበታልና።

ማሳደሩን ግን ተወው። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ትቼው ሄድሁ። ስመለስ የፕላስቲኩ ግድግዳ ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ባሩድ ፕላስቲክ ይበላል። የባሰው ግን ውስጡ ያለው የትኛው ባሩድ እንደሆነ እርግጠኛ አለመሆኔ ነበር። ሁለቱም ጥቁር ግራጫ፣ ሁለቱም ገለባ። ሁሉንም አውጥቼ ግቢው ሣር ላይ ሳሳ አድርጌ በተንሁት፤ ናይትሮጅን ስላለበት ሣሩ ሳይወደው አልቀረም፣ ባለቤቴ ግን ለወር ያህል ጽጌረዳዋ አጠገብ እንዳልደርስ ከለከለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ከአንድ ጣሳ ባሩድ በላይ ኖሮ አያውቅም፤ ያቺም ጣሳ ከመስፈሪያው ጎን ትቆማለች፣ ሥራው ሲያበቃ የተረፈው ወዲያው ወደ እሷ ይመለሳል።

ምርጫህን በተመለከተ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለሽጉጡ ጠባብ ጉድጓድ ያለው የእጀታ መስፈሪያ ግዛ፣ ምክንያቱም ሰፊው ጉድጓድ ለ5 ግሬይን ሲጠብብ ጥልቀት አጥቶ ጠፍጣፋ ይሆንና ስፍሩ ይዛባል። ብዙ አምራቾች ለሽጉጥና ለጠመንጃ የሚቀያየር ሲሊንደር ይሸጣሉ። ለጠመንጃው በዚያው መስፈሪያ አሳንሰህ አውርደህ በማንጠባጠቢያ ጨርስ። ኤሌክትሮኒኩን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እጅህ ከታረመ በኋላ ትገዛዋለህ።

የአራት ኪሎ ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የሁላችሁንም ምክር ተቀብያለሁ። እዚህ ባሩድ ስለሌለኝ፣ ሊኖረኝም ስለማይገባ፣ እጄን በእናቴ ጤፍ ፈተንሁት። 2.5 ሚሊሊትር የምትይዝ የሽሮፕ ማንኪያ ይዤ ወርቅ ሠሪው ሱቅ ሄድሁ፤ ሚሊግራም በምታነበው ሚዛናቸው እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ በለመድሁት አኳኋን፣ ማንኪያውን ጤፉ ውስጥ እየወጋሁና በጣቴ እየጠረግሁ 10 ጊዜ ሰፈርሁ፤ ትንሹ 2.04፣ ትልቁ 2.31 ግራም ሆነ። ከዚያ አፏን ወደ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ እያጠለቅሁ፣ ጤፉ ራሱ እስኪሞላት እየጠበቅሁ፣ አፏን ሳልጫን በካርድ እያስተካከልሁ 10 ጊዜ ደገምሁት፤ ከ2.11 እስከ 2.16 ባለው ውስጥ ገባ። በመጨረሻ በትር መሰሉን ለመምሰል የተሰባበረ ፊደሊኒ ሞከርሁ፤ የፈለግሁትን ያህል ብጠነቀቅም ልዩነቱ ከጤፉ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ሚዛኗን መልሼ የሚሊግራሟን ወስጃለሁ፤ ዴንቨር እንደገባሁ አስተካክላታለሁ።

ወርቅ ሠሪው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

የ20 ግራም መሞከሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ረስተዋት ሄደዋል። በባዶ እጅ እንዳይነኳት፣ የጣት ቅባት እዚያ ሚዛን ላይ ይነበባል፤ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬልዎታለሁ። ጤፉንም ከሚዛኑ ሥር ጠርጌ አልጨረስሁም።